ለሞተሩ የሚሆን ብሎን

የሞተር ብሎን ሥራው መለጠጥ ነው። መካኒኩ በቁልፍ ሲያጠብቀው ራሱ ከላይ፣ ጥርሱ ከታች ይያዝና መካከሉ ይሳባል። የተሳበው ብረት ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ልመለስ ብሎ ሲታገል በመሃሉ የገቡትን አካላት እርስ በርስ ያጣብቃል። አሥር ሳንቲሜትር የሚረዝም ብሎን በደንብ ሲጠብቅ የሚለጠጠው የአንድ ሚሊሜትር ሩብ ያህል ነው። በዓይን አይለይም፤ ሞተሩን አንድ አካል አድርጎ የሚያቆየው ግን ይኸው ሩብ ሚሊሜትር ነው። ብሎን እንግዲህ በጣም የደነደነ ሞላ ነው ማለት ይቻላል። ምትክ ሲፈለግለት ቀዳዳው ውስጥ መግባቱ አይበቃም፤ የቀድሞው የተለጠጠውን ያህል ተለጥጦ፣ የቀድሞው የጨመቀውን ያህል መጭመቅ አለበት።

ኃይሉን በኩንታል ማሰብ ይቀላል። ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር የሆነና ራሱ ላይ 8.8 የሚል ቁጥር ያለበት ብሎን ቅርጹ ሳይበላሽ 34 ኩንታል ገደማ ይሸከማል። ይህን ያህል ጉልበት ለምን እንዳስፈለገ የሚገባው ሞተሩ ውስጥ ያለው ግፊት ሲታሰብ ነው። በቤንዚን ሞተር ነዳጁ ሲቃጠል ግፊቱ ከ50 እስከ 70 ባር ሊደርስ ይችላል። በአሮጌ ኮሮላዎች ላይ የሚገኘው 4ኤ-ኤፍኢ የተባለው የቶዮታ ሞተር የሲሊንደሩ ስፋት 81 ሚሊሜትር ነው፤ በ60 ባር ግፊት የሲሊንደሮቹን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል 31 ኩንታል ገደማ ይሆናል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር ይህ ምት በእያንዳንዱ ሲሊንደር በሰከንድ 25 ጊዜ ይደጋገማል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ብሎኖቹ አስቀድመው ቴስታታውን ከምቱ በበለጠ ኃይል ጨምቀው ከያዙት እያንዳንዱ ምት ብሎኑን የሚነካው በጥቂቱ ነው፤ አብዛኛው ለውጥ የሚያልፈው በተጨመቁት አካላት በኩል ነው። ብሎኑ ላልቶ ከሆነ ግን ምቱ ሙሉ በሙሉ እርሱ ላይ ያርፋል። በሰከንድ 25 ጊዜ እየተሳበና እየተለቀቀ ይደክማል፤ ከጥርሱ ሥር የፀጉር ያህል ስንጥቅ ይጀምርና አንድ ቀን ይበጠሳል። በሞተር ውስጥ ተሰብረው ከሚገኙ ብሎኖች ብዙዎቹ ከመሰበራቸው በፊት የላሉ ናቸው። ለዚህም ነው የተሰበረን ብሎን «ጠንከር ባለ» ሌላ ከመተካት በፊት ለምን እንደላላ መጠየቅ የሚገባው።

አንድ ጋራዥ ውስጥ ውሃ ጨርሶ የጋለ ኮሮላ ቆሟል እንበል። ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጥሎ ቴስታታው ወርዷል። ሲፈታ የዲናሞው ማሰሪያ ብሎን ተቆርጧል፤ የተረፉት በአንድ የቲማቲም ጣሳ ውስጥ ተደባልቀዋል። ረዳቱ ልጅ ቁራጩን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ መለዋወጫ ገበያው፣ ወደ ሶማሌ ተራ፣ ይላካል። በብሎን በተሞሉ ሳጥኖች መሃል የተቀመጡት ባለሱቅ ቀና ብለው «ስንት ቁጥር ነው?» ይላሉ። ልጁ «አሥራ ሁለት» ይላል። «አሥራ ሁለት ቁልፉ ነው የኔ ልጅ። ብሎኑ ስንት ነው?» «እሱን አላውቅም ጋሼ። ይኸው ቁራጩ።» ባለሱቁ ቁራጩን ተቀብለው ከሳጥናቸው ካወጡት ሌላ ብሎን ጋር ጎን ለጎን፣ ጥርስ በጥርስ አስገጥመው ወደ በሩ ብርሃን ያነሡታል።

በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ የመጀመሪያው ትልቅ ስህተት ታርሟል። በየጋራዡ ብሎን የሚጠራው በሚፈታው ቁልፍ ነው፤ «የአሥር»፣ «የአሥራ ሁለት»፣ «የአሥራ አራት» ይባላል። ቁልፉ ግን የሚለካው የብሎኑን ራስ ነው። ቀዳዳው የሚያውቀው የአካሉን ውፍረት ነው። በጃፓን መኪኖች 6 ሚሊሜትር ብሎን በ10 ቁልፍ፣ 8 ሚሊሜትሩ በ12፣ 10 ሚሊሜትሩ በ14፣ 12 ሚሊሜትሩ በ17 ይፈታል። በአውሮፓ መኪኖች ደግሞ 8 ሚሊሜትሩ 13 ቁልፍ፣ 10 ሚሊሜትሩ 16 ወይም በቆየው ደረጃ 17፣ 12 ሚሊሜትሩ 18 ወይም 19 ይፈልጋል። ስለዚህ በ17 ቁልፍ የሚፈታ ብሎን ከቶዮታ የወጣ ከሆነ 12፣ ከቆየ የጀርመን መኪና የወጣ ከሆነ 10 ሚሊሜትር ሊሆን ይችላል። በካሊፐር የጥርሱን ውጫዊ ስፋት መለካት ነገሩን ይቆርጠዋል። ልኩ ከስሙ ትንሽ ያንሳል፤ 8 ሚሊሜትር የሚባለው 7.8 ወይም 7.9 ቢያሳይ የተለመደ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ባለሱቁ ወደ ብርሃን አንሥተው ያዩት ነገር ነው፤ ከአንዱ ጥርስ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት። 8 ሚሊሜትር ብሎን በአብዛኛው 1.25 ሚሊሜትር የጥርስ ርቀት ስላለው ብዙ አያሳስትም። መከራው ያለው 10 ሚሊሜትሩ ላይ ነው። በዓለም አቀፉ የተለመደ ደረጃ 10 ሚሊሜትር ብሎን 1.5 ርቀት አለው፤ ለግንባታና ለብረት ሥራ የሚሸጠውም ይኸው ነው። የጃፓን የመኪና ሠሪዎች ግን ለ10 ሚሊሜትር በብዛት የሚጠቀሙት 1.25ን ነው። 12 ሚሊሜትርም እንዲሁ 1.25፣ 1.5 እና 1.75 ሆኖ ይገኛል። በአንድ ሳንቲሜትር ርዝመት ላይ 1.25 የሆነው ስምንት ጥርስ ሲኖረው 1.5 የሆነው ሰባት እንኳ አይሞላም። ለዓይን መንትያ ይመስላሉ። ጥርስ በጥርስ ሲገጠሙ ግን የአንድ ዓይነት ከሆኑ በመካከላቸው ብርሃን አያሳልፉም፤ ካልሆኑ ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ጥርስ ጀምሮ ይሳሳታሉ፣ ክፍተቱም ይታያል። የጥርስ መለኪያ የሌለው ሰው በዚህ ዘዴ ይተማመን።

ርቀቱ የተሳሳተ ብሎን ወዲያው አልገባም አይልም፤ ጉዳቱም ከዚህ ይመጣል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች በጣት ይገባል። ከዚያ ይከብዳል። ሠራተኛው «ዝገት ነው» ብሎ ቁልፍ ያነሣና ይገፋዋል። ቀዳዳው ያለው አሉሚኒየም ላይ ከሆነ ብሎኑ አሸንፎ ይገባል፤ በኋላ ሲፈታ ግን እንደ ቀጭን የብር ሽቦ የተጠቀለለ ክር ይዞ ይወጣል። ያ ክር የቀዳዳው ጥርስ ነው። ትክክለኛ ብሎን ንጹሕ ቀዳዳ ውስጥ እስከ መጨረሻው ድረስ በጣት ይገባል። በጣት ካልገባ ቆም ብሎ ምክንያቱን መፈለግ ነው እንጂ ቁልፍ ማንሣት አይደለም።

በአሜሪካ የሚኖርና መኪናውን ራሱ የሚጠግን ሰው ሌላም ወጥመድ ይጠብቀዋል። የሠፈሩ የብረታ ብረት መደብር በኢንች የሚለካውንና በሚሊሜትር የሚለካውን ጎን ለጎን ይሸጣል። የ5/16 ኢንች ብሎን ውፍረት 7.94 ሚሊሜትር ነው፤ ከ8 ሚሊሜትር ጋር በዓይን አይለይም። የጥርሱ ርቀት ግን 1.41 ነው። የ3/8 ኢንቹም ለ10 ሚሊሜትር የቀረበ መስሎ የጥርሱ ርቀት ሌላ ነው። እንዲህ የተመሳሰለ ነገር የሚያበላሸው ብሎኑን ሳይሆን የሞተሩን ቀዳዳ ነው።

ርዝመት ቀላል ይመስላል፤ ስህተቱ ግን ውድ ነው። ራሱ ጠፍጣፋ መቀመጫ ያለው ብሎን የሚለካው ከራሱ ሥር እስከ ጫፉ ነው፤ ራሱ አይቆጠርም። ከዚያ ላይ የሚታሰረው አካል ውፍረት፣ ሮንዴላውና ጓርኒሲዮኑ ካሉ እነሱም ሲቀነሱ የሚቀረው ቀዳዳው ውስጥ የሚነክሰው ክፍል ነው። ብረት በብረት ሲሆን የሚነክሰው ርዝመት ከብሎኑ ውፍረት ጋር ቢተካከል ይበቃል። አሉሚኒየም ላይ ግን ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ያስፈልጋል፤ 8 ሚሊሜትር ብሎን ከ12 እስከ 16 ሚሊሜትር ይግባ ማለት ነው። አጭር ብሎን ጥቂት ጥርስ ብቻ ይይዝና ሲጠብቅ ጥርሱን ይዞ ይነሣል።

ረጅም ብሎንም ጥፋቱ አያንስም። በሞተር ላይ ብዙዎቹ ቀዳዳዎች ታቻቸው የተደፈነ ነው። ብሎኑ ጫፉ ወለሉን ሲነካ ቁልፉ ይከብዳል፤ ጠበቀ ተብሎ ይተዋል። ነገር ግን ራሱ አካሉን ገና አልጨመቀውም። ከሳምንት በኋላ ዘይት ወይም ውሃ ማንጠብጠብ ይጀምራል፤ ሲታይ ብሎኑ «ጥብቅ» ነው። ወለሉ ቀጭን ከሆነም ይሰነጠቃል። በተደፈነ ቀዳዳ ውስጥ የቀረ ዘይት ወይም ውሃም ተመሳሳይ ጉዳት ያመጣል። ፈሳሽ አይጨመቅም፤ ብሎኑ እንደ ፒስተን ሲገፋው ግፊቱ ብሎኩን ሊሰነጥቅ ይችላል። የቀዳዳውን ጥልቀት በካሊፐሩ ጭራ ወይም በቀጭን ሽቦ መለካትና ብሎኑ ከሚነክሰው በላይ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ባዶ መኖሩን ማረጋገጥ ከዚህ ሁሉ ያድናል።

የ4ኤ-ኤፍኢ ቴስታታ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የሚታሰረው በ10 ብሎን ነው፤ አሥሩም ግን እኩል አይደሉም። አየር በሚገባበት በኩል ያሉት 90 ሚሊሜትር፣ ጭስ በሚወጣበት በኩል ያሉት 108 ሚሊሜትር ይረዝማሉ። በቲማቲም ጣሳ ውስጥ ሲደባለቁ ይህ ልዩነት ለማያውቅ ሰው ምንም አይናገርም። ጠንቃቃ መካኒኮች ካርቶን ላይ የቴስታታውን ቅርጽ ይስሉና እያንዳንዱን ብሎን ከወጣበት ቦታ ላይ ካርቶኑን ወግተው ይሰኩታል። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ርካሽ መድን በጋራዥ ውስጥ የለም።

አሁን ወደ ብሎኑ ራስ እንምጣ። በራሱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ጌጥ አይደለም፤ ብረቱ ምን ያህል እንደሚችል የሚናገር ነው። በዓለም አቀፉ ደረጃ 8.8፣ 10.9 እና 12.9 የሚሉት ይገኛሉ። የመጀመሪያው ቁጥር በመቶ ሲባዛ ብሎኑ የሚበጠስበትን ውጥረት በሜጋፓስካል ይሰጣል፤ ለ8.8 ይህ 800 ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለው ደግሞ ከዚያ ስንት አሥረኛው ላይ ሲደርስ ለዘለቄታው እንደሚለጠጥ ያሳያል። ስለዚህ 8.8 በ640 ላይ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ መመለስ ያቅተዋል፤ 10.9 ደግሞ በ900። በጃፓን መኪኖች ላይ ነጠላ ቁጥር ይታያል፤ 4፣ 7፣ 8 እና የመሳሰሉት። 7 ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር 70 ኪሎ ያህል ይችላል ማለት ነው። አሜሪካኖቹ በመስመር ይናገራሉ፤ ሦስት መስመር ደረጃ 5፣ ስድስት መስመር ደረጃ 8 ነው። የአሜሪካ ደረጃ 8 ከ8.8 ጋር አንድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ደረጃ 8 የሚቀርበው ለ10.9 ነው፤ ለ8.8 የሚቀርበው ደረጃ 5 ነው።

ልዩነቱ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ቶዮታ በጥገና መጽሐፎቹ ውስጥ ካሰፈረው ሰንጠረዥ ይታያል። ውፍረቱ 8 ሚሊሜትር፣ የጥርሱ ርቀት 1.25 የሆነ ተራ ብሎን ደረጃው 4 ከሆነ በ12.5 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል፤ 7 ከሆነ በ25። ቁልፉ አንድ፣ ቀዳዳው አንድ፣ መልኩ አንድ ሆኖ የሚጠብቅበት ኃይል እጥፍ ነው። ደረጃው 7 በነበረበት ቦታ 4 የገባ እንደሆነ መካኒኩ በለመደው ክንድ ሲያጠብቀው ይለጠጣል፤ እጁ ላይ ቁልፉ እየከበደ ሲሄድ ቆይቶ በድንገት ለስለስ ይላል። ልምድ ያለው ሰው ያቺን ለስላሳነት ያውቃታል። ብሎኑ ሞቷል፤ ይውጣና ይጣል።

ታዲያ ሁሉንም በ12.9 መተካት አይሻልም? አይሻልም። በጣም የጠነከረ ብረት በዚያው ልክ ይሰባበራል። በኤሌክትሪክ ዚንክ ሲለበጥም ሃይድሮጅን ወደ ውስጡ ገብቶ ከጠበቀ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ያለ ማስጠንቀቂያ እንዲሰነጠቅ ሊያደርገው ይችላል። ከዚህ በላይ ደግሞ አሉሚኒየም ቀዳዳ ውስጥ የገባ 12.9 ብሎን ጥንካሬው ምንም አይጨምርለትም፤ መጀመሪያ የሚሸነፈው የአሉሚኒየሙ ጥርስ ነው። ኢንጂነሩ የመረጠውን ደረጃ መከተል ነው የሚገባው፤ ከዚያ ማነስ አደጋ፣ ከዚያ መብለጥም ያለ ምክንያት መድፈር ነው። የማይዝገው ብሎንም እንዲሁ ያታልላል። ያበራል፣ ውድ ነው፣ ስለዚህ ይሻላል ተብሎ ይታሰባል። በብዛት የሚሸጠው ዓይነት ግን ለዘለቄታው የሚለጠጠው በ450 ሜጋፓስካል ላይ ነው፤ ከጥቁሩ 8.8 በብዙ ያንሳል።

ራሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር እውነት መሆኑስ በምን ይታወቃል? ይህ ጥያቄ በአሜሪካ ምክር ቤት ድረስ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ደረጃ 8 ተብለው የተሸጡ ብሎኖች ብዙዎቹ ቦሮን ከተጨመረበት ርካሽ ብረት የተሠሩ፣ በትክክለኛ ስማቸው ደረጃ 8.2 የሚባሉ ሆነው ተገኙ። በቀዝቃዛ ሲፈተኑ ያልፋሉ፤ ሙቀት ሲያገኛቸው ግን ጥንካሬያቸው ከእውነተኛው ደረጃ 8 ይልቅ ቶሎ ይከዳል። ምርመራው እ.ኤ.አ. በ1990 የብሎን ጥራትን የሚመለከት ሕግ እንዲወጣ አደረገ። ከዚህ ታሪክ ለገዢ የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው፤ ከደረጃው ቁጥር አጠገብ የአምራቹ ምልክት መኖሩን ማየት። ፊደል ወይም ትንሽ ቅርጽ ሊሆን ይችላል። ቁጥር ብቻ ተቀርጾበት አምራቹ ስሙን ያልሰጠው ብሎን ለቫልቭ ክዳን ይሁን እንጂ ፒስተኑን ለሚይዘው ዘንግ፣ ለቢዬላ፣ አይግባ።

ያገለገለ ብሎን ሁሉ መጥፎ አይደለም። በሶማሌ ተራ ከተፈታ ተመሳሳይ ሞተር ላይ የወጣ የፋብሪካ ብሎን ከማይታወቅ አዲስ ብሎን የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ውፍረቱ፣ ርቀቱ፣ ርዝመቱ፣ ደረጃው ሁሉ ከቦታው ጋር የተፈጠረ ነው። ለዲናሞ ማሰሪያ፣ ለውሃ ፓምፕ፣ ለዘይት መያዣ ክዳን ይህ ጥሩ ምርጫ ነው። ጥርሱ ያልተበላ፣ አካሉ ያልጎበጠ፣ ዝገቱ ያልቦረቦረው ይሁን እንጂ።

ለቴስታታ ብሎኖች ግን ነገሩ ይለያል። በብዙ ዘመናዊ ሞተሮች እነዚህ ብሎኖች የሚጠብቁት በኃይል ልክ ብቻ ሳይሆን በዙር ማዕዘን ጭምር ነው። መጀመሪያ በአነስተኛ ኃይል ይጠብቁና ከዚያ በዲግሪ ይዞራሉ። ምክንያቱ ሰበቃ ነው። ቁልፉ ላይ ከሚወጣው ጉልበት ብሎኑን በመለጠጥ ላይ የሚውለው አንድ አሥረኛ ያህሉ ብቻ ነው፤ ግማሽ የሚሆነው በራሱ ሥር፣ የቀረው በጥርሶቹ መካከል በሰበቃ ይጠፋል። ጥርሱ ትንሽ ዘይት ቢያገኝ ወይም ትንሽ ቢዝግ በአንድ ዓይነት የቁልፍ ንባብ ላይ የሚገኘው ጭምቀት በእጅጉ ይለዋወጣል። ማዕዘን ግን አይዋሽም፤ ብሎኑ ሩብ ዙር ከዞረ የጥርሱን ርቀት ሩብ ያህል ሄዷል። በመጽሐፉ «ዘይት ይቀባ» የተባለውን ደረቅ፣ «ደረቅ ይሁን» የተባለውን በዘይት ማጥበቅ ቁጥሩን ትርጉም የሚያሳጣው ለዚሁ ነው።

በማዕዘን ከሚጠብቁት መካከል አንዳንዶቹ ሆን ተብሎ የመለጠጥ ወሰናቸውን እንዲያልፉ ይደረጋል። እነዚህ አንዴ ካገለገሉ ረዝመው ይቀራሉ። አንዳንድ አምራቾች ሁልጊዜ በአዲስ ይተኩ ይላሉ፤ ሌሎች ተለክተው ከተወሰነ ርዝመት ካላለፉ ወይም ከተወሰነ ውፍረት ካልቀጠኑ እንዲመለሱ ይፈቅዳሉ። የሞተሩ መጽሐፍ የሚለው ይፈጸማል። መርዘማቸውን ለማየት ብሎኖቹን ጠፍጣፋ መስተዋት ላይ ራሳቸውን ወደ ታች አድርጎ ማቆም ይጠቅማል፤ እኩል መሆን ከሚገባቸው መካከል አንዱ በአንድ ሚሊሜትር ከፍ ካለ ያ ብሎን ሥራውን ጨርሷል። ሌላው ምልክት ጥርሱ ከሚጀምርበት በላይ አካሉ እንደ ወገብ ሸንቀጥ ማለቱ ነው። ካሊፐሩን ዘግቶ በአካሉ ላይ ቀስ እያሉ ማንሸራተት ይህን ያጋልጣል።

የቢዬላ ብሎን ከሁሉም የበለጠ ይፈራል፤ መፈራቱም ተገቢ ነው። ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ ሲመለስ የሚያስቆመውና ወደ ታች የሚጎትተው ይህ ብሎን ነው። በ4ኤ-ኤፍኢ ፒስተኑ የሚጓዘው 77 ሚሊሜትር ነው፤ ግማሽ ኪሎ የሚመዝን አካል በዚያ ርቀት በደቂቃ 6,000 ዙር ሲመላለስ ጫፍ ላይ የሚጎትተው ኃይል አሥር ኩንታል ገደማ ይደርሳል። ከሁለቱ ብሎኖች አንዱ ቢበጠስ ቢዬላው ብሎኩን ወግቶ ይወጣል። ምትኩ ለዚያው ሞተር የተሠራ መሆን አለበት፤ ከሱቅ ሳጥን ውስጥ ልኩ ተመሳሳይ ሆኖ የተገኘ አይበቃም። ፍሪሲዮኑ የሚያርፍበት የቮላኖ ብሎኖችም በዚሁ ረድፍ ይቆማሉ። አንዳንድ ሞተሮች ላይ ቀዳዳቸው ወደ ዘይቱ የሚዘልቅ ስለሆነ ጥርሳቸው ላይ ማሸጊያ ካልተቀባ ዘይቱ ወደ ፍሪሲዮኑ ይወርዳል።

በጭስ ማውጫው በኩል ጠላቱ ሙቀት ነው። ዚንክ በ419 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ኮሌክተሩ ደግሞ ከዚያ በላይ ሊግል ይችላል። የሚያብረቀርቅ ዚንክ የለበሰ ብሎን እዚያ ልባሱን ያጣና ይዝጋል፣ ከዳዶው ጋርም ይጣበቃል። ስለዚህ ለዚያ ቦታ ሙቀት የሚችል ብረትና መዳብ የለበሰ ዳዶ ይመረጣል።

ስለ ሮንዴላም አንድ ነገር መባል አለበት። የተሰነጠቀው የሞላ ሮንዴላ ብሎን እንዳይላላ ያደርጋል ተብሎ ለብዙ ዘመን ታምኗል። ጀርመናዊው ኢንጂነር ጌርሃርድ ዩንከር እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ጥናት ብሎንን ከሁሉ ይልቅ የሚያላላው ወደ ጎን የሚመጣ መንቀጥቀጥ መሆኑን አሳየ፤ እርሱ የቀየሰው የመፈተኛ ዘዴ ዛሬም ሲሠራበት ይህ ሮንዴላ ብዙም እንደማያግዝ ይታያል። የሚያግዘው በቂ ጭምቀትና፣ በታዘዘበት ቦታ፣ ጥርስ ላይ የሚቀባው ማጣበቂያ ነው። ሰማያዊው በእጅ መሣሪያ ይፈታል፤ ቀዩን ለመፍታት ብዙ ጊዜ ማሞቅ ይጠይቃል፣ ስለዚህ ያለ ትእዛዝ አይቀባም። ጠፍጣፋው ሮንዴላ ግን አሉሚኒየም ላይ ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ጭነቱን ይዘረጋል፣ የብሎኑ ራስ ብረቱን እንዳይቆፍር ይከላከላል። ከፋብሪካው የነበረ ሮንዴላ ሳይመለስ ከቀረ ጭምቀቱም፣ ብሎኑ የሚገባበት ጥልቀትም ይለወጣል።

ብሎኑ ከተመረጠ በኋላ የቀዳዳው ተራ ነው። ጥርሱ የተበላ ቀዳዳ ምርጥ ብሎን ቢሰጡትም አይይዝም። ቶርኖ ቤት ሁለት መንገድ ይቀርባል። አንደኛው ቀዳዳውን አስፍቶ በማስኪዮ አዲስ ጥርስ ማውጣትና ወፍራም ብሎን ማስገባት ነው፤ ይህ የሚያስኬደው ዙሪያው በቂ ብረት ካለ፣ የሚታሰረውም አካል ቀዳዳው አብሮ ከሰፋ ብቻ ነው። ሁለተኛው ከጠንካራ የማይዝግ ሽቦ የተጠቀለለ አዲስ ጥርስ ቀዳዳው ውስጥ መትከል ነው፤ የቀድሞውን የብሎን ልክ ይመልሳል፣ አሉሚኒየም ላይም ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ጥርስ በላይ ይችላል። ሁለተኛው ይመረጣል። ጥርሱ ደኅና የሆነ ቀዳዳ ግን የሚያስፈልገው በብሩሽና በነፋስ መጽዳት ነው፤ በማስኪዮ ደጋግሞ መፋቅ የደኅናውን ብረት ይቀንሳል።

ኮሮላው ወደሚገጣጠምበት ሰዓት ስንመለስ የዲናሞው ብሎን ተገኝቷል፤ 8 ሚሊሜትር፣ 1.25፣ ራሱ ላይ 7 የሚል ቁጥርና የአምራቹ ምልክት ያለበት። የቴስታታው አሥር ብሎኖችም ከጣሳው ወጥተው፣ በርዝመታቸው ተለይተው ጥርሳቸውና የራሳቸው ሥር በስሱ የሞተር ዘይት ተቀብቷል። አጭሮቹ አየር በሚገባበት፣ ረጅሞቹ ጭስ በሚወጣበት በኩል በጣት ይወርዳሉ። ከዚያ ከመሃል ተጀምሮ ወደ ጫፎቹ እየተፈራረቁ፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በጥቂት ዙር፣ እስከ 29 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ። ረዳቱ ልጅ በየብሎኑ ራስ ላይ ወደ ሞተሩ ፊት በሚያይበት በኩል በቀለም ነጥብ ያደርጋል። በዚያው ተራ ሁሉም 90 ዲግሪ ይዞራሉ፤ ነጥቦቹ ወደ ጎን ያያሉ። በመጨረሻም እንደገና 90 ዲግሪ። ልጁ አጎንብሶ አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ አሥሩም ነጥብ ወደ ሞተሩ ኋላ ዞሯል።